የ3000 ዓመቱ ሰይፍ ሲያበራ የአያቴ ጎራዴ ለምን ዛገ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ጀርመን ውስጥ ከመቃብር የወጣ የ3000 ዓመት ሰይፍ ፎቶ አየሁ። ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ደግሞ የአያቴ ጎራዴ አለ። መቶ ዓመት ቢሞላው ነው። ግን ዝጎ ከአፎቱ አልወጣ ብሏል። የጥንት ሰዎች እኛ የማናውቀው ጥበብ ነበራቸው? ወይስ ፎቶው የተቀነባበረ ነው? ወንድሜ ‹ጋራዥ ወስደን እናስፈትገው› ይላል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ጎራዴውን ጋራዥ አትውሰዱት። ወንድምዎ ለጎራዴው አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ግራይንደር ወይም የሽቦ ብሩሽ አንዴ ካረፈበት በኋላ የሄደውን የሚመልስ ባለሙያ የለም። ከአፎቱ ለማውጣትም አትታገሉ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ፎቶው የተቀነባበረ አይደለም። ያዩት በባቫርያ ግዛት፣ ኖርድሊንገን ከተማ የተገኘውን ሰይፍ ይመስለኛል። የግዛቱ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ይፋ አድርጎታል። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት በአጭር ጊዜ ልዩነት ከተቀበሩበት መቃብር ነው የወጣው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው ተብሏል። እጀታው ስምንት ማዕዘን አለው፤ እሱም እንደ ስለቱ ከነሐስ የተሠራ ነው። በእርግጥም ያበራል።

ግን ልብ ይበሉ፤ ያ ሰይፍ ነሐስ ነው። የአያትዎ ጎራዴ ብረት ነው። ሁለቱ ሲያረጁ መንገዳቸው ይለያያል።

ነሐስ መዳብና ቲን የሚባል ነጣ ያለ ማዕድን ተቀላቅለው የሚሠራ ነው። አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑ ከሥሩ ያለውን አጥብቆ ይይዛል፤ አየርና እርጥበት እንደ ልብ እንዳያልፍም ያግዳል። ብረት ይህ ዕድል የለውም። የብረት ዝገት ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ውሃም አየርም ያሳልፋል። ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሽንኩርት ንብርብር በንብርብር ይላጣል። ከሥር ያለው ብረት ይጋለጣል፤ እሱም በተራው ይዝጋል። በቅርስ እንክብካቤ ሙያ ያለን ሰዎችን ከ3000 ዓመት ነሐስ ይልቅ የ300 ዓመት ብረት ነው እንቅልፍ የሚነሳን።

አሁን ወደ «የማናውቀው ጥበብ» እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን ስለሚጠይቅ ዘርዘር ላድርገው።

በጣም የታወቀው ወሬ የቻይናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሺያን ከተማ አቅራቢያ የንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ የሸክላ ሠራዊት ተገኘ። ከሠራዊቱ ጋር ብዙ የነሐስ መሣሪያዎች ወጡ። አንዳንዶቹ ሰይፎች ከ2000 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ቆይተውም ያብረቀርቁ ነበር። ላያቸው ላይ ክሮሚየም የሚባል፣ ዛሬ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ማዕድን ሲገኝ፣ «ቻይናውያን የክሮም ቅብ ያውቁ ነበር» ተባለ። ወሬው እስከ ዛሬ በዩቲዩብ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን 464 መሣሪያዎችንና የመሣሪያ ክፍሎችን መረመረ። ክሮሚየም የተገኘው በ37ቱ ላይ ብቻ ነው። እሱም በአብዛኛው ከእንጨት እጀታና ዘንግ ጋር በሚነካካው በኩል። ምንጩ እንጨቱ የተቀባው ላከር፣ ማለትም ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ ቅብ ነበር። በደንብ ከቆዩት መካከል ክሮሚየም ጭራሽ የሌለባቸው አሉ። ያቆያቸው ቲን የበዛበት ነሐስና የአካባቢው አፈር ነው። አፈሩ ደቃቅ ነው፤ አሲድነትም የለውም።

የጥንት አንጥረኞች ጥበበኞች ነበሩ። ማንም ይህን ሊነጥቃቸው አይገባም። ሰይፎቹን ለእኛ ያደረሰው ግን ከሁሉ በላይ የተቀበሩበት ቦታ ነው። እኔ በዚህ ነገር አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ለጎራዴዎም ሆነ ነገ ከመሬት ለሚወጣ ቅርስ የምናደርገው ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

የብረት ጠላቶች ሦስት ናቸው፤ ውሃ፣ ኦክስጂንና ጨው። ውሃና ኦክስጂን ሲገናኙ ዝገት ይጀምራል። ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ ከጠፋ ነገሩ ይቆማል፣ ወይም በጣም ይዘገያል። በደህና የቆየ ሰይፍ ሲገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የትኛው ጎድሎ ነው?» ብለን ነው።

ውሃ የጎደለበትን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 እስራኤል ውስጥ፣ በሙት ባሕር አጠገብ፣ ዓይን ጌዲ አካባቢ ካለ ዋሻ አራት የሮማውያን ሰይፎች ወጡ። ዕድሜያቸው 1900 ዓመት ገደማ ነው። ከእርስዎ ጎራዴ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ስለቶቹ ብረት መሆናቸው ነው። ሦስቱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት አላቸው። የሄዱት ተመራማሪዎች ሰይፍ ፍለጋ አልነበረም የወጡት። ዋሻው ውስጥ ያለ ጥንታዊ ጽሑፍ ፎቶ ሊያነሱ ነበር። በአንድ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የጦር ጫፍ አዩ፤ በኋላም ሰይፎቹን አገኙ። የእንጨትና የቆዳ አፎታቸው ሳይቀር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 በነበረው የአይሁድ አመፅ ጊዜ የተደበቁ ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ሙት ባሕር አካባቢ ጨው ሞልቷል። ዝናብ ግን የለም ማለት ይቻላል። ዋሻው ደረቅ ነው። ብረት እንኳ በድርቀት ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊጠጋ እንደሚችል የታየው እዚያ ነው።

የግብፁ ቱታንካሙን ጩቤም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1925 ከንጉሡ አስከሬን መጠቅለያ ውስጥ ሲያወጣው ስለቱ ዝገት አልበላውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ምርመራ ብረቱ 11 በመቶ ገደማ ኒኬል እንዳለው አሳየ። ከሰማይ የወደቀ የሜትሮራይት ብረት ነው። ኒኬሉ ረድቶታል፤ ደረቁ መቃብርም ረድቶታል።

ኦክስጂን የጎደለበት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ሰይፉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቆያልና። እ.ኤ.አ. በ1965 በቻይና ሁቤይ ግዛት፣ ጂያንግሊንግ በሚባል ቦታ፣ ውሃ ከገባበት መቃብር የንጉሥ ጎውጂያን ሰይፍ ወጣ። ጎውጂያን የዩዌ መንግሥት ንጉሥ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ496 እስከ 465 ገዝቷል። ሰይፉ 55.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ጠቆር ያለ የአልማዝ ቅርጽ ጥለት አለ። ከእጀታው ሥር በአንድ በኩል ሰማያዊ መስታወት፣ በሌላ በኩል ቱርኩዊዝ የሚባል ድንጋይ ተፈልፍሎ ገብቶበታል። የወፍ ቅርጽ ባላቸው ስምንት ፊደላት የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ንጉሡ ሰይፉን ለራሱ እንዳሠራው ይናገራል። ከአፎቱ ሲመዘዝ ስለቱ ገና ስል ነበር።

አፎቱን ይመልከቱ እንግዲህ። እንጨት ነው፤ ላከር ተቀብቷል፤ ከስለቱ ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። አየር የሚገባበት ክፍተት አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ዙሪያውን የሞላው ውሃም ኦክስጂን አልነበረውም። ነሐሱም ጥሩ ነሐስ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ገጠሙ። ሌሎች ብዙ ሰይፎች እንዲህ አልተገጣጠመላቸውም። እነሱን ደግሞ ማንም ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት አይለጥፍም። ይህንም አይርሱ፤ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው።

ይህ ሰይፍ መሬት ውስጥ ያልደረሰበት ጉዳት በሰው እጅ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ለኤግዚቢሽን ወደ ሲንጋፖር ሄዶ ስለቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ተፈጠረ። ዛሬ ከአገር እንዳይወጡ ከተከለከሉት የቻይና ቅርሶች አንዱ ነው።

ብረትም ኦክስጂን በሌለው ጭቃ ውስጥ ይቆያል። ዴንማርክ ውስጥ ኒዳም የሚባል ረግረግ አለ። ድሮ ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ200 እስከ 450 ገደማ ባለው ጊዜ ድል ያደረጉ ሰዎች የተሸናፊውን መሣሪያ ወደ ሐይቁ እየጣሉ ለአማልክታቸው ይሰጡ ነበር። ሰይፍ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ጀልባ ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1863 ኮንራድ ኢንግልሃርት 23 ሜትር ገደማ የሚረዝም የኦክ ጀልባ ከዚያ አውጥቷል። እኔን ከጀልባው ይልቅ የሚደንቀኝ በኋላ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁፋሮው ቆመ። የቀረው ቅርስ እዚያው ይቆይ ተባለ። ባለሙያዎቹ አዳዲስ የብረት ናሙናዎችን ጭቃው ውስጥ ቀብረው፣ እያወጡ ዝገታቸውን ይለኩ ነበር፤ ቦታው ዛሬም ይጠብቅ እንደሆነ ለማወቅ። መቆፈር ሥራው የሆነ ሰው «አልቆፍርም» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በእኛ አገርስ? በአክሱም መቃብሮች ከተገኙት የብረት ዕቃዎች ብዙዎቹ በዝገት ተውጠው ነው የወጡት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ ጢያን ያገኛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ አሉ። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ እጀታው ከስለቱ ተለይቶ ይታያል። ቦታው መቃብር ነው። ሰይፉ በብረት ባይደርሰን በድንጋይ ደርሶናል።

አዳማን በተመለከተ፣ የበጋው ድርቀት ለጎራዴዎ ጥሩ ነው። ችግሩ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ መጨመሩ ነው። አቧራውም አለ። የአዳማን ነፋስ ለእርስዎ አልነግርም። አቧራ ብረት ላይ ተኝቶ እርጥበት ይይዛል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ አፈሩ በብዙ ቦታ ጨው አለበት። መተሐራ ሄዶ የበሰቃን ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐዋሳ ቢሆኑ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ይጨመርበት ነበር።

ጨው ብረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በቅርብ ላሳይዎ። ከመሬት የወጣ ሰይፍ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ እንበል። ያማረ ይመስላል። ከጊዜ በኋላ ላዩ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ቢጫና ቡናማ ጠብታዎች ብቅ ይላሉ። ብረቱ ያላበው ይመስላል። ውስጥ ያለው ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ነው። ጠብታዎቹ ሲደርቁ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ሲነኩት የሚፈረከስ ቅርፊት ይተዋሉ። ከሥሩ ጉድጓድ ያገኛሉ። በሁለት ክረምት ጥሩ የነበረ ስለት ወደ ፍርፋሪ ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያለውን ብረት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ) ውሃ ውስጥ የምንዘፈዝፈው፤ ጨዉ ቀስ እያለ እንዲወጣ። ከዚያም ከ15 በመቶ ባነሰ የአየር እርጥበት ውስጥ በሣጥን ይዘጋበታል።

ነሐስም ከዚህ አያመልጥም። አረንጓዴ ሆኖ ጠንከር ያለ ሽፋን ያለው ነሐስ ሰላም ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነጠብጣብ ካወጣ ግን ታሟል ማለት ነው፤ ከሌሎች ዕቃዎች ተለይቶ ወደ ደረቅ ቦታ መግባት አለበት።

እንግዲህ ወደ አፎቱ ውስጥ ወደተጣበቀው ጎራዴ። ዝነኛ ጓደኛ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ሰተን ሁ በሚባል ቦታ፣ መርከብ ተቀብሮ ከተገኘበት ጉብታ፣ የ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰይፍ ወጣ። እጀታው ላይ ያለው ወርቅና ጋርኔት የሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ ዛሬም ያበራል። ስለቱ ግን ዝጎ ከአፎቱ ጋር አንድ ሆኗል። በዓለም ካሉ ትልልቅ ሙዚየሞች አንዱ የሆነው ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። መሣሪያም ባለሙያም አላነሰውም። ግን አልመዘዙትም። በኤክስሬይ አዩት። ኤክስሬዩ ስለቱ ከተጠማዘዙ የብረት ዘንጎች ተቀጥቅጦ እንደተሠራ አሳየ። በዓይን ቢታይ ዝገት ብቻ ነው። ቢመዝዙት ኖሮ አፎቱም ስለቱም ይፈራርስ ነበር።

ዝገት ቆሻሻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሰይፉ ሲዝግ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይዞ ይጠነክራል። በአንድ ቁራጭ ዝገት ላይ በማጉያ ሲያዩ የጨርቅ ድርና ማግ ክር በክር ይቆጠራል። ጨርቁ ራሱ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። የእንጨት አፎት ጭረት፣ የቆዳ ስፌት፣ የጠጉር ምልክት እንዲሁ ይገኛል። የሽቦ ብሩሽ ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠርገዋል።

የእርስዎ ጎራዴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ከአያቶቻችን ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ከጀርመኗ ዞሊንገን፣ ከእንግሊዝ። ለኢትዮጵያ ገበያ ተብለው የተሠሩት የይሁዳ አንበሳ ምስልና የእኛ ፊደል ጽሑፍ አላቸው። ጽሑፉ በአሲድ የተፈለፈለ ስለሆነ ጥልቀቱ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ጎራዴው ያበራል፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው ግን ጠፍቷል።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። አቧራውን ለስላሳና ደረቅ በሆነ ብሩሽ ያራግፉ። ውሃ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ ኮላ አያስነኩት። አሲድ ዝገቱን ሲያነሳ ደህናውን ብረትም ይበላል፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ሥራውን ይቀጥላል። ቅቤና የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ ሲቆይ ይበላሽና አሲድ ይፈጥራል፣ አቧራም ያጣብቃል። ከአፎቱ ውጭ የቀረ ባዶ ብረት ካለ፣ የስፌት መኪና ዘይት በጥጥ ጨርቅ ትንሽ አስነክተው ስስ አድርገው ይቀቡትና ትርፉን ይጥረጉ። ዘይቱ ወደ ቆዳው አፎትና ወደ ቀንድ እጀታው እንዳይሄድ ይጠንቀቁ። «ላላ ይበል» ብለው አፎቱ ውስጥ ዘይት አያፍስሱ። ቆዳው ይጠጣዋል እንጂ ጎራዴው አይላቀቅም። ሲይዙት ጓንት ያድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው ነው።

ዝገቱ ዛሬም እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጎራዴውን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተው ለጥቂት ሳምንታት አይንኩት። ወረቀቱ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ወይም ቅርፊት ከረገፈ እየዛገ ነው። ምንም ከሌለና ዝገቱ ጠቆር ብሎ ጠንካራ ከሆነ ተረጋግቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ባለበት ይተውት።

ማስቀመጫው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ረጅም የፕላስቲክ ሣጥን ይሁን። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸውን እርጥበት የሚመጡ ሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስበው ይጨምሩበት፤ በክረምት በየጊዜው ይለውጧቸው። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀል ያምራል፤ እንፋሎቱና ጭሱ ግን ለብረቱ ጥሩ አይደለም። ለበዓል አውጥተው ለልጆች ቢያሳዩት ምንም አይደለም። መልሰው ይክደኑት።

ወንድምዎ በግንባታ ሥራ ላይ ከሆነ ወይም ጓደኞች ካሉት ይህንንም ይንገሩት። አዳማ ውስጥ በየቀኑ መሠረት ይቆፈራል። አሮጌ ብረት፣ ነሐስ ወይም አጥንት ብቅ ቢል ጎትቶ አያውጣው፣ አይጠበው። ቁፋሮውን ያቁም፣ ባለበት ፎቶ ያንሳ፣ በዚያው አፈር መልሶ ይሸፍነው፣ በአቅራቢያው ላለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከሕጉም በላይ፣ አፈሩ ለብዙ መቶ ዓመት ያረጋጋውን ነገር በድንገት ለነፋስና ለፀሐይ መስጠት ራሱ ትልቁ ጉዳት ነው። የቤተሰብ ጎራዴዎንም እዚያው ጽሕፈት ቤት ሄደው ስለማስመዝገብ ይጠይቁ። አንድ ቀን ዘመድ «ውጭ አገር ልውሰደው» ቢል ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ እንደማይወጣ ይወቁ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ስለሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

ከመክደንዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከእጀታው ሥር፣ ስለቱ በሚጀምርበት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የሠሪው ማህተም አለ። መብራት አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ያብሩበት። በፊት ለፊት ብርሃን የማይታይ ጽሑፍ በጥላ ይወጣል። ፎቶ አንስተው ከላኩልኝ የት እንደተሠራና በግምት በየትኛው ዘመን እንደሆነ ልነግርዎ እሞክራለሁ።